የሽቦው ቋጠሮ

ሱሀይላ ጎንበስ ብላ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስትገባ ሐዘንተኛዋ የሻለም መጀመሪያ ያየችው የልጅቷን ጥፍር ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ያበጠ ዓይኗን አይተው ይሆናል። የሻለም ግን ያየችው በጥፍሮቿ ሥር የተጋደመውን ጥቁር የሞተር ግራሶ መስመር ነው። ያንን ጥቁረት ታውቀዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባሏ ጥፍር ሥር ልታስለቅቀው በሳሙና ስትፈትግ ኖራለች። ባሏን አስናቀውን ከቀበረች ይሄው ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጥቁረቱ ግን በሌላ ሴት ጣት ላይ ሆኖ ለቅሶ ሊደርሳት መጣ።

«ሰብሩን ይስጥዎት፣ እትዬ የሻለም» አለች ሱሀይላ ተንበርክካ።

የሻለም እጇን ሰጠቻት፤ ፊቷን ግን አዞረችባት።

ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ብርሀንነሽ የንፍሮውን ሰሐን ለሌላ እያቀበለች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ዛሬም መጣች። ሦስቱንም ቀን አልቀረችም እኮ!»

«አይቻለሁ» አለች የሻለም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

በመካነ ሰላም ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሌላም ሰው አለ። የሞተ ሞተር የሚያስነሳ ግን አስናቀው ብቻ ነበር። ከወረኢሉ ከጭድ ክምር ሥር፣ ከአጅባር ዶሮ ከሚሰፍርበት ጓሮ፣ የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የተሠሩ ሞተሮችን በአይሱዙ እያስጫነ ያመጣል። ዝገታቸውን ይፍቃል፤ ገበያ ላይ ዕቃ ሲያጣ ከሌላ ብረት ቆርጦና ሞርዶ ይሠራል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጭሳቸውን ተፍተው ይነሳሉ። ባለቤቶቹ አንዳንዴ ያለቅሱ ነበር፤ የአባታቸውን ሞተር ድምፅ ሲሰሙ።

ሱሀይላ ከጅዳ የተመለሰችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ፣ ዘመዶቿ ሱቅ ትከፍታለች ሲሉ እሷ አሮጌ ሞተር ገዛች። ሞተሩ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል። ባትሪ ትቀይራለች፤ ባትሪው ይሞታል። ሦስተኛውን ባትሪ ታቅፋ አስናቀው ሱቅ የገባች ዕለት የሻለም ምሳ ይዛ እዚያው ነበረች።

አስናቀው ባትሪውን ሳይነካው ሳቀ። «ልጄ፣ ባትሪ ማድጋ ነው። ማድጋ ስለቀየርሽ ውሃ አይመጣም። የሚያመነጨው ዲናሞው ነው። ሞተሩ ሲነሳ ማግኔቱ ይዞራል፤ ማግኔቱ ሲዞር የሽቦው ጥምጥም ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ግን ወዲያ ወዲህ የሚል፣ አቅጣጫ የሌለው ኤሌክትሪክ ነው። ይቺ ደግሞ» ብሎ ክንፍ ክንፍ ያላት ትንሽ ብረት አነሳ፣ «በአንድ መንገድ ታስኬደዋለች፤ ሲበዛም ትገታዋለች። ያንቺ በሽታ ከነዚህ አንዱ ላይ ነው። እስክናገኘው ሌላ ባትሪ እንዳትገዢ።»

ሱሀይላ አፏን ከፍታ ሰማችው። የሻለምም ሰማች። ባሏ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። በተጋቡ ሰሞን አንድ ጊዜ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብትለው «ተይው፣ ቅባት ነው፤ ቀሚስሽን ያበላሽብሻል» ብሏት ነበር። እነሆ ቀሚሷ ሃያ ስድስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ ኖረ። የሱሀይላ ቀሚስ ሲበላሽ ግን ምንም አላለም።

ልጅቷ ሞተሯ ከዳነ በኋላም አልሄደችም። ከእሱ ጋር መሥራት ጀመረች። የሻለም ምሳ ይዛ ስትሄድ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው ሽቦ ላይ አቀርቅረው ታገኛቸዋለች። አንድ ቀን የልጅቷ እጅ የባሏን ጣት ይዞ ሲመራው አየች። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አስናቀው ሌላ አመል አወጣ፤ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን ቀስ እያለ ይዳብሳታል። በወጣትነቱ ያላደረገውን! «ጥፋት ያለበት ወንድ እጁ ይለሰልሳል» አለቻት ብርሀንነሽ። የሻለምም አመነች።

በአራተኛው ቀን አለምነው የሚባል የከብት ሐኪም ከወግዲ ለቅሶ መጣ። የአባቱ ሞተር ሱቁ ውስጥ ነው፤ አስናቀው እሱን ሊጨርስ ሲል ነበር በሩ ላይ ወድቆ በዚያው የቀረው። አለምነው ጨዋ ሰው ነውና ስለ ሞተሩ ትንፍሽ ሳይል አልቅሶ ተቀመጠ። ሱሀይላ ግን ወደ የሻለም ተጠጋች።

«እትዬ፣ የሱቁን ቁልፍ አንዴ ቢሰጡኝ? የአለምነው ባትሪ ከቻርጀሩ አልተነቀለም። ያን ዕለት በድንጋጤ ረስተነው ወጣን። እስካሁን እየፈላ ነው።»

ቁልፉ የሻለም መቀነት ላይ ታስሯል። በነጠላዋ ላይ ጨበጠችው።

«ምንሽን ረስተሽ ነው?»

«ኧረ ባትሪውን ለመንቀል...»

«ባሌ አፈር ከለበሰ አራት ቀኑ ነው፤ አንቺ የሚፈላ ባትሪ ይታይሻል። እኔ እዚህ ስፈላ አልታይሽም?»

 አለምነው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሱሀይላ «አፉ ይበሉኝ» ብላ ተነስታ ወጣች። የሻለም ልቧ የረካ መስሏት ነበር፤ እርካታው ግን ምሳ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየላትም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች። ብርሀንነሽ «ኧረ ሐዘንተኛ ደጅ አይወጣም!» ብትላትም አልሰማቻትም። ወደ ሱቁ የሄደችው ለባትሪው አልነበረም። ሻሽ፣ የጸጉር ማስያዣ፣ ብቻ የሆነ ነገር አግኝታ የልቧን ጥርጣሬ ልታረጋግጥ ነው። በሩን ስትከፍት የአሲድ ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት። ባትሪው ጎኑ ተነፍቷል። ሶኬቱን ነቀለች። ልጅቷ አልዋሸችም ማለት ነው። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

መሳቢያውን በረበረች፤ ብሎንና ኩሺኔታ ብቻ። ወደ አለምነው ሞተር ዞር ስትል ከጎኑ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየች። ሁሉም ላይ ክር ታስሮባቸዋል፤ ቢጫዎቹ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ነጩ ላይ ሁለት፣ አረንጓዴው ላይ ሦስት። ክሩን አወቀችው። ከራሷ የመርፌ ሣጥን የጠፋው ቀይ ክር ነው።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሱሀይላ ነበረች፤ ሱቁ ተከፍቶ አይታ ነው የመጣችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች የሻለም ሽቦውን ጨብጣ። «የምን ድግምት ነው ከቤቴ ክር እየተሰረቀ የሚቋጠረው?»

«ድግምት አይደለም፣ እትዬ። ለጣታቸው ነው።»

«ለጣታቸው?»

ሱሀይላ ወደ ውስጥ ገባች። «ጋሼ አያዩም ነበር።»

የሻለም ሽቦውን ለቀቀችው።

«የስኳር በሽታው ነው። መጀመሪያ ቢጫውና ነጩ ተምታቱባቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የምንለካበት ቴስተር ላይ ያለው ቁጥር ጠፋባቸው። እሳቸው ቋጠሮውን ዳስሰው ሽቦውን ይለያሉ፣ እኔ ቁጥሩን አነብላቸዋለሁ። ‹አሥራ ሁለት› ስል ‹ገና ነው፣ ባትሪው እየተቀለበ አይደለም› ይላሉ። አሥራ አራት ሲገባ ደስ ይላቸዋል። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

የሻለም በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አስናቀው ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር በቦታው ያውቀዋል። ወረቀት ሲመጣ «መነጽሬን ሱቅ ረስቼው ነው፣ አንብቢልኝ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ላይ ሲሄዱ የነበሩት ጣቶች ትዝ አሏት። ለካ ይቅርታ እየጠየቃት አልነበረም። እያያት ነበር።

ለሌላው ኃጢአት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የምትሳደበውን ሁሉ በልቧ ደርድራ ጨርሳለች። ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። ባሏ ታውሮ፣ ያንን የሚያህል ነገር ለሌላ ሴት ነግሯል። ይሄኛው ባሰባት።

«እኔ ሚስቱ ነኝ» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ስንት ጊዜ ለመንኳቸው መሰለዎት። ‹ካወቀች ሱቁን አዘግታ ምድጃ ዳር ታስቀምጠኛለች› አሉኝ።»

የሻለም አልካደችም። ታደርገው ነበር።

«ደግሞ...» ሱሀይላ አመነታች።

«ጨርሺው እንጂ!»

«‹እትዬ በእኛ ክፉ እያሰቡ ነው፣ ግዴለም እንንገራቸው› ብዬም ነበር። ሳቁ። ‹ተያት፣ ትቅና! የሚቀናበት ባል ገና ወንድ ነው። ያዘነችልኝ ቀን ነው የምሞተው› አሉኝ።»

ከየሻለም አፍ የወጣው ሳቅ ይሁን እሪታ ሁለቱም አላወቁም። «ይሄ ጉደኛ!» አለች ጉልበቷን እየመታች። «ይሄ ጉደኛ! አቃጥሎኝ፣ ደስ ብሎት ሄደ!»

ሱሀይላም አብራት አለቀሰች። ቆይታ የሻለም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ቀና አለች።

«ማታ ሲመለስስ? እጁን ትይዥው ነበር?»

«እስከ ቦኖው ውሃ ድረስ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እሺ አይሉኝም። ‹ከዚህ በኋላ ያለው የቤቴ መንገድ ነው› ብለው ብቻቸውን ይሄዳሉ።»

የሻለም ከበርጩማው ተነሳች። ከዚያ ወደ ሞተሩ በአገጯ አመለከተች። «ይሄ ምን ቀረው?»

«ሦስት ሽቦ ማገናኘትና መለካት።»

«ቁጥሩን እኔ አነባለሁ።»

ሱሀይላ የራሷን ሞተር ባትሪ አምጥታ ገጠመች። ሽቦዎቹን ስታገናኝ ከንፈሯን የምትነክስበት አኳኋን ቁርጥ የአስናቀው ነው፤ የሻለም ያን ስታይ ቅናቱ እንደገና ጎኗን ወጋት። ሞተሩ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳ። የሻለም ቴስተሩ ላይ ተደፋች።

«አሥራ ሁለት ከአራት» አለች ጮክ ብላ። ሱሀይላ ነዳጁን ጨመረች። «አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ከስምንት። አሥራ አራት!»

ሱሀይላ ነዳጁን መለስ አደረገች። ሁለቱም ሳያስቡት ወደ አስናቀው ባዶ ወንበር ዞር አሉ።

«ለአለምነው ደውይለት» አለች የሻለም ሞተሩ ሲጠፋ። «የአባቱን ሞተር ይውሰድ። ያንቺን ባትሪ መልሺ፤ ለእሱ ሌላ እኔ እገዛለታለሁ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሱቁን ቆልፈው አብረው ወጡ። ቦኖው ጋ ሴቶች ጀሪካን አሰልፈው ነበር፤ የሻለምን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡላት። እሷ ግን ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። እዚህ ጋ።»

የሻለም ዓይኗን ጨፈነች። ሱሀይላ ተሯሩጣ ክንዷን ልትይዛት ስትል እጇን መነጨቀቻት።

«አትንኪኝ» አለች። «ይሄኛው መንገድ የእኔ ነው።»

እጇን ዘርግታ አጥሩን ፈለገች። የባሕር ዛፉ እንጨት ጣቷን ሲነካት ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ ያዘችና መሬቱን በእግሯ እየዳሰሰች ቁልቁል መራመድ ጀመረች።