የጠገበው ገብስ

አበጀ በቀበሌው አንደኛ የቢራ ገብስ ገበሬ ሊባል ቆርጦ ተነሣ። ሚስቱ አሰለፈች የጓሮው ማሳ ለቤት ቀለብ ይቅር ብትለው፣ ቢራ ጠማቂ ደጅ ሲጠናኝ ታያለሽ ብሎ አፏን አስያዛት።

የግብርና ባለሙያዋ ፍሬሕይወት ዩሪያ እንዳያበዛ መክራዋለች። የቢራ ገብስ ከልክ በላይ ከጠገበ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፣ ብቅሉም ደህና አይሆንም ብላዋለች። አበጀ ምክሯን አከበረ፤ ከተባለው በላይ አንዲት እፍኝ ዩሪያ አልበተነም። ብቻ ከመዝራቱ በፊት ግንቦትን ሙሉ የበጎቹን ጉረኖ ማሳው ላይ እያዟዟረ አሳደራቸው። የበግ በጠጥን ደግሞ ማን ማዳበሪያ ይለዋል?

ነሐሴ ሲገባ ገብሱ ከልምላሜ ብዛት ጠቆረ። አዋሳኙ መሪጌታ ገብረ መድኅን ግን በግም የላቸው፤ የእሳቸው የቢራ ገብስ ገርጥቶ ቆመ። አበጀ በየማለዳው ድንበሩ ላይ ይቆምና፣

"መሪጌታ፣ ገብስዎም ከእርስዎ ጋር ይጾማል እንዴ?" ይላቸዋል።

"ፍልሰታን ይዞ ነው፤ ሲፈታ እናየዋለን" ብለው ያልፋሉ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለቱም በየአህያቸው ጭነው ንፋስ መውጫ ከተማ ገቡ። የቢራ ፋብሪካው ተረካቢ ከየጆንያው እየዘገነ ፕሮቲኑን በመሣሪያ መረመረ። የመሪጌታን ሳያቅማማ ተቀበለ። የአበጀን አንዴ ለካ፣ ደገመና ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ምን አብልተውት ነው?"

"ምንም።"

"ይኼ ለሰው እንጂ ለቢራ አይሆንም። መልሰው ይጫኑት።"

ከገበያው መውጫ ላይ የሚያውቁት ገበሬዎች ጆንያውን ፈተው ፍሬውን እያፈሱ ተደነቁ። እንዲህ ያለ ገብስ ይዞ እንዴት ሳይሸጥ እንደሚመለስ ጠየቁት። አበጀ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የልጆቼን እህል ለቢራ አልሰጥም ብዬ ነው" አለ።

ባዶ አህያቸውን ይዘው አጠገቡ የቆሙትን መሪጌታን ሳል ያዛቸው።

ወሬ ከአህያ ይፈጥናል። አበጀ ደጁ ሲደርስ አሰለፈች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወጥታ ተቀበለችው። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ፊቷ ሲበራ አይቶ አያውቅም። ጆንያውን ራሷ ደግፋ አወረደች።

"የተናገርከውን ሰማን፤ ተባረክ። እንግዲህ ማሳው የቤት ነው፤ ለከርሞም፣ ከከርሞ ወዲያም።"

አበጀ እውነቱን ሊያወጣ አፉን ከፈተ። ሴቶቹ አንድ ላይ እልል አሉ። ዝም እስኪሉ ጠበቀና፣

"እኔስ መቼ ሌላ አሰብኩ" አለ።