የብሪታ አስራ አንድ ሳምንት

ልጄ ብሪታ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋ የጻፈችውን ድርሰት ያነበብኩት ሳላስፈቅድ ነው። ኮምፒውተሩ የጋራችን ነው። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነኝና የፈረቃዬን ሰሌዳ ልይ ብዬ ስከፍተው ድርሰቱ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። «አስራ አምስት ዓመቴ ላይ አስራ አንድ ሳምንት ከአልጋዬ አልተነሳሁም» ብሎ ይጀምራል።

ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ እስክታወርድ አልጠበቅኩም።

«ይሄን ልትልኪው ነው?»

«አነበብከው?»

«አነበብኩት። ብሪትዬ፣ እነዚህ ሰዎች አያውቁሽም። ታማሚ ናት ብለው በሩን ቢዘጉብሽስ? ስለ ሂሳብ ውድድሩ ጻፊ። ስለ ታንኳ ጉዟችን ጻፊ።»

«ሚኔሶታ ውስጥ ስለ ታንኳ ያልጻፈ የለም፣ አባዬ።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ታፍርብኛለህ እንዴ?»

«በፍጹም!» ብዬ ጮህኩ። ስጮህ የምዋሽ እንደምመስል አውቃለሁ። አላፈርኩባትም፤ ፈርቼ ነው። በዚያ የበረዶ ወቅት የምላት ቢጠፋኝ የመኝታ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ውጤት ከጋዜጣ አነብላት ነበር። የሰራሁላት የቺዝ ሳንድዊች ሳይነካ ሲመለስ ኩሽና ገብቼ አልቅሻለሁ።

ይሄኔ አንድ ጉድ ትዝ አለኝ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ለተማሪው ለዩኒቨርሲቲ የሚላክ የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፏ በፊት ወላጅ ስለ ልጁ ቅጽ ይሞላል። ብሪታ ለምን ከትምህርት እንደቀረች ሲጠይቀኝ «የእጢ ትኩሳት» ብዬ ሞልቻለሁ፤ ለሳምንታት አልጋ ላይ የሚያስተኛ ኢንፌክሽን ነው። ያኔ ለከተማው ሁሉ የነገርኩት እሱን ነበር።

ስነግራት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «አባዬ! እሷ ትኩሳት ብላ፣ እኔ ሌላ ብዬ... ውሸታም የምባለው እኮ እኔ ነኝ!»

ደብዳቤው የሚላከው በማግስቱ ጠዋት ነው። የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁና ብሪታን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳሁ።

አማካሪዋ ካርላ ልጅ ሆነን ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ትቀመጥ የነበረች ናት፤ አታከብረኝም።

«ካርላ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት ገና ከበሩ።

«የትኛውን ውሸት ነው የምታወራው?» አለች፤ የብሪታን ፊት ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። ሁሉንም ነገርኳት።

«ዴል፣ የቤት ሥራዋን ልትወስድ ስትመጣ ዓይንህን አይቼ ትኩሳት እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። «ግን ቤተሰብ ያልተናገረውን እኔ አልጽፍም።» ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺ ምን እንዲያውቁ ትፈልጊያለሽ?»

ብሪታ መለሰች። «የቀረሁት በስንፍና እንዳልሆነ። ድርሰቱን ደግሜ ሳነበው ግን... ከበሽታው በቀር ሌላ ነገር የሌለኝ መሰልኩ።»

ካርላም መከረቻት፦ «ማመልከቻው ላይ ከድርሰቱ ሌላ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሶስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምን ሆንሽ፣ ምን አደረግሽ፣ አሁን እንዴት ነሽ። ድርሰቱን እንዳለ ልላከው ካልሽም መብትሽ ነው፤ አባትሽ አያገባውም።»

ስለ ታንኳው ደግሜ ላነሳ ነበር፤ ተውኩት። በሕይወቴ ከባዱ ሥራ እሱ ነበር።

«ሶስቱን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ» አለች ብሪታ። «ድርሰቱን ግን ስለ ሆኪ አደርገዋለሁ።»

«ሆኪ? ሆኪ ትጠያለሽ እኮ!»

«በጣም እጠላለሁ። ግን የዚያን ዓመት ውጤት በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ካርላ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እንዳላፍር ብላ ይመስለኛል። የቀረችበት ምክንያት የሚለው ላይ «ከባድ ድብርት» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ከዚያ በፊት ጽፌው አላውቅም ነበር። ቀጥሎ «በልጅዎ በጣም የኮሩበት ቀን የቱ ነው?» ይላል። በፊት የሂሳብ ውድድሩን ነበር የጻፍኩት።

አሁን እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «በአስራ አንደኛው ሳምንት በሩን ከፍታ፣ ትናንት ማን አሸነፈ ብላ የጠየቀችኝ ቀን።»