የቦሰና ጉንጭ

ሠላሳ አንድ ዓመት የእንጨት ህትመት ሳስተምር የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ አንድ ነበር። «እንጨቱ ላይ ግራ ያደረጋችሁት ወረቀቱ ላይ ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ገልብጣችሁ ሳሉ።» ይህን ለረሳ ተማሪ አላዝንለትም ነበር። «ሂድ፣ እንደገና ቅረጽ» ነው የምለው። ክፉ ነው ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልተሳሳቱም።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ የስንብት ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅልኝ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዬ ሊድያ ሥራዎቼን ልትወስድ ሸጎሌ ቤቴ ድረስ መጣች። ግማሹ የባለቤቴ የቦሰና ፊት ነው። ቦሰና ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ለዋናው ግድግዳ ያሰብኩት ትልቁን መልኳን ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ተቀምጬ ከትዝታዬ የቀረጽኩትን።

ሊድያ ህትመቶቹን ወለሉ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ... ማለቴ፣ እትዬ ቦሰናን ማርያም የሳመቻቸው በየትኛው ጉንጫቸው ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አሥራ አንዱ ላይ ምልክቱ በግራ ጉንጫቸው ነው፤ ዘጠኙ ላይ በቀኝ። ትልቁ ላይ ደግሞ በግራ።»

«በግራ ነዋ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደንግጣ ሥራዎቹን ጠቅልላ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ሳስበው እርግጠኛ አልነበርኩም። አንዳንዱን ገልብጬ ስያለሁ፤ አንዳንዱን ግን እሷን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ፈልፍያለሁ። ተማሪ የማባርርበትን ስህተት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሠራ ኖሬአለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ፎቶዎቿን አወጣሁ። አልረዱኝም። ቦሰና ያንን ምልክት አትወደውም ነበር፤ ፎቶ ስትነሳ ነጠላዋን በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ትስባለች። ገልጣ የምታሳየው ለእኔና ጸጉሯን ለምትሠራት ለጓደኛዋ ለመሰለች ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን እየጨፈንኩ ላመጣት ሞከርኩ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትመጣለች። ፈራሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ፊት ካላወቅሁ ምን ቀረኝ?

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ገበያ ወረድኩ። መሰለች ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ እፍረቴን ለመሸፈን የማልፈልገውን ድንች አዘዝኩ።

«መሰለች፣ የቦሰና ያ ምልክት... በየትኛው ጉንጯ ነበር?»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «በቀኝ ነዋ! ምነው ጋሽ ቦጋለ፣ ረሳኸው እንዴ?»

«አይ፣ እኔ እንኳ ፊት ለፊቷ ስለምቀመጥ ግራና ቀኙ...» ብዬ ሰበብ መደርደር ጀመርኩ።

«እሷማ ታውቅ ነበር» አለች መሰለች ድንቹን እየመዘነች።

«ምኑን?»

«እየተሳሳትክ እንደምትሠራት ነዋ። ጸጉሯን እየሠራሁ ‹ለምን አትነግሪውም?› እላታለሁ። ‹ተይው፣ አንድ ቀን ራሱ ያየኛል› ትለኛለች።»

«መቼ ነው እንዲህ ያለችሽ?»

«እህ፣ ሁልጊዜ ነዋ። ሆስፒታል ተኝታም ብላኛለች።»

መሰለች በክፋት አልተናገረችውም፤ የሳቅ ጨዋታ መስሏት ነው። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ከንፈሬ እንቢ አለኝ። ድንቹን ተቀብያት ወደ ታክሲው ሄድኩ።

ታክሲው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ስንት ሺህ ሰዓት ተቀምጣልኛለች። አንገቷ ሲደነዝዝ እንኳ «አትነቃነቂ» እላት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የማየው እንጨቱን ኖሯል። እሷ ደግሞ እስካያት ትጠብቅ ነበር፤ እዚያው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ።

ስልኬ ጮኸ። ሊድያ ናት።

«ቲቸር፣ ትልቁን የእትዬ ቦሰናን ሥራ እየሰቀልን ነው። ትንሽ ከፍ ይበል?»

«አውርዱት።»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«እሷ አይደለችም» አልኳት።