አራት አፍ

ከበሮ የሚባለው የሟቹ ጓደኛ ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ ሲገባ፣ እህትየዋ፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ፣ የስኒ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት እየወጣች ነበር። ለቀስተኛው ወንበሩን እየሳበ መንገድ ለቀቀለት። ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወንድሟ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«የሱን ሙዚቃ ነው ያመጣሁት፣ እታለም። ሰው ማን እንደነበረ ይወቅ።»

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ፉጨት ነበር የሚለው። ፉጨትና ከበሮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲያፏጭ ሌላው ዴስኩን ሲደበድብ አብረው ከክፍል ሲባረሩ ያደጉ ጓደኛሞች ነበሩ። ከበሮ አድጎ ስቱዲዮ ከፈተ። ፉጨት ቀን ቀን ፎቶኮፒ ማሽን እየጠገነ፣ ከሥራ ሲመለስ መዳፍ በምታክል አሮጌ የጌም መጫወቻ ላይ ሙዚቃ ሲደርስ ኖረ። ባለፈው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለ።

ሾፌሯ እስካሁን አላለቀሰችም። ንዴቱ እንባዋን ቀድሞታል። ከፔርሙሱ ቡና በቀዳች ቁጥር ሹክሹክታው ጆሮዋ ይገባል። «ምስኪን፣ ትዳር የለው፣ ልጅ የለው» ትላለች አንዷ። «ያን ሁሉ ጎፈሬ ተሸክሞ የልጅ መጫወቻ ሲነካካ!» ትላለች ሌላዋ። ያሳደጓቸው አጎታቸው ደግሞ ከደህናው ወንበር ላይ ሆነው «እኔስ መክሬው ነበር» በሚል ዓይነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከበሮ ቁልፉን ተጫነ። ቫዮሊኖች እንደ ጎርፍ ቤቱን ሞሉት። ፒያኖ ተከተለ፤ ቀጥሎም «አአአ» የሚሉ ብዙ ሰዎች። ዜማው ፉጨት የደረሰው ነው፤ የቀረውን የጨመረው ከበሮ ነው። ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። አጎትየው እንኳን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ ነበር እንዴ ልጄ?»

ሾፌሯ ትሪውን አኖረችና ገመዱን ከሶኬቱ መነጨቀችው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ምን አጠፋሁ፣ እታለም? አሳምሬ እንጂ…»

«ማን አሳምር አለህ?!»

ፉጨት በሕይወት ሳለ አንድ ቀን፣ ከአውቶቡሷ ወርዳ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ እያለች፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክቶላት ነበር።

«ይቺ ነገር አራት አፍ ብቻ ነው ያላት» አላት። «ሁለቱ ዜማ ያወጣሉ። አንዱ ወፍራሙን ይይዛል። አራተኛው ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አያውቅም፤ እሱን ቆራርጬ ከበሮ አደርገዋለሁ።»

«ታዲያ ካንዱ አፍ ሦስት ድምፅ ባንዴ የሰማሁትስ?»

«አልሰማሽም! ሦስቱ ኖታ ላይ አሯሩጬው ነው። በጣም ስለሚፈጥን አብረው የቆሙ ይመስልሻል።»

«አንተ አጭበርባሪ!»

«ይሄስ? ትልቅ አዳራሽ አይመስልም? ሁለተኛው አፍ የመጀመሪያውን ትንሽ ዘግይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግምለታል። በቃ፣ አዳራሽ ሆነ።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ከበሮ ‹ስቱዲዮዬ ና፣ መቶ ድምፅ ልስጥህ› ይለኛል። መቶ ከሰጠኝ የምለው ይጠፋኛል። አራት ሲሆን ግን እያንዳንዱን ኖታ ‹አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?› ብዬ ነው የማስገባው።»

«ትርፍ አትጭንም በለኛ!» አለችው ሾፌሯ።

ሲስቁ የመዘፍዘፊያው ውሃ ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ አጎትየው አሁን። «ለክብሩ ብሎ ነው። በለቅሶ ቤት ያንን ጢጥ ጢጥ የሚለውን ልታሰሚን ነበር?»

ሾፌሯ ዞረችባቸው። እናታቸው የሞተች ሰሞን፣ ልክ እንዲህ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ያኔ ልጅ የነበረው ፉጨት ጥግ ይዞ ያቺኑ መጫወቻ ሲነካካ አጎትየው አዩት። እናቱ ሞታ ጌም ይጫወታል ብለው ነጥቀው በመስኮት ወረወሯት። ከቦይ ውስጥ ያወጣቻት ሾፌሯ ናት። ለእናቱ የሚሆን ዜማ እየፈለገ እንደነበር የነገራት በኋላ ነው።

«ለእናቴ ነበር» አለቻቸው። «ያኔ በመስኮት የወረወሩት ለእናቴ የሚሠራውን ነበር።»

አጎትየው መነጽራቸውን እጃቸው ላይ አገላበጡት። «መጫወቻ መስሎኝ…»

«አልጠየቁትማ!»

ከበሮ ዓይኑ ቀላ። «እኔን ስሚኝ፣ እታለም። በሕይወቱ አንድም ሰው አልሰማውም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! ዛሬ ሰሙት፣ አለቀሱለት፤ አላየሽም?»

«ያለቀሱት ለቫዮሊንህ ነው። እሱ አቅቶት መሰለህ ባዶ የተወው? ለክቶ ነው የሠራው! ዕድሜውን ሙሉ እምቢ ሲልህ ኖሮ፣ አፉ እስኪዘጋ ጠብቀህ መጣህ?»

ሾፌሯ ጓዳ ገብታ መጫወቻዋን አመጣች። አበራቻት፤ ዘፈኑ የት እንዳለ ግን አታውቅም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥርሷን ነክሳ ለከበሮ ዘረጋችለት።

«የመጨረሻውን አውጣው። ምንም እንዳትነካ።»

ከበሮ ፈልጎ አገኘው፤ ገመዱን መልሶ ሰክቶ ከስፒከሩ ጋር አገናኛት። ቀጭን፣ ጠርዝ ያለው ድምፅ ወጣ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁን በእጁ ሲያፍን ሾፌሯ የሰከረ ተሳፋሪ ላይ እንደምታፈጥ አፈጠጠችበት። ሰውየው አቀረቀረ። ዜማው ወጣ፣ ወረደ፤ ሁለተኛው አፍ ዘግየት ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተከተለው። ማንም መሐረብ አላወጣም። ጎረቤታቸው ግን ስኒዋን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀረች።

«ይሄማ እሱ ራሱ ነው» አለች። «ደረጃውን ሲወጣ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው።»

ከበሮ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። አንድ ቦታ ላይ ሦስቱ አፎች ዝም ብለው አንዱ ብቻውን ቀረ።

«እዚህ ጋ ባዶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሞላሁት።»

«አዎ፣ ሞላኸው» አለችው። ይቅር አላለችውም።

ዜማው አለቀ ሲባል ከመጀመሪያው ተነሣ። እንደገና ዞረ። ሰዎቹ ተያዩ።

«መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ አጎትየው፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«የጌም ሙዚቃ ማብቂያ የለውም» አለ ከበሮ። «ተጫዋቹ እስኪጨርስ ይዞራል። ካላጠፉት አይቆምም።»

ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» እያለ አንድ በአንድ ወጣ። አጎትየው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ተከተሉ። ከበሮ ስፒከሩን ነቅሎ፣ መጫወቻዋን በሁለት እጁ አቀብሏት ሄደ። ከገመዱ ስትላቀቅ ዜማው በራሷ በትንሿ ቀዳዳ መውጣት ጀመረ።

ሾፌሯ ፎቶው ፊት ተቀመጠች።

«ደረቴን አመመኝ ማለት አቃተህ?» አለችው። «ለአራቱ አፍ ሁሉ ቃል ስታገኝ፣ ለኔ አንዲት ቃል ጠፋችህ? አንተ ደደብ! አንተ የእናቴ ልጅ!»

ዜማው ዞሮ መጣ። አውራ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቷን ወደ ጎን አንሸራታ ድምፁን ቀነሰችው፣ ቀነሰችው፣ ምንም እስከማይሰማ ድረስ። ትንሿን ቀይ መብራት እንደበራች ትታ፣ መጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ እየተጠነቀቀች።