የስህተት ዘመቻ

«እባክዎ ጋሽ ሙክታር፣ አንዴ ብቻ ይሳሳቱልኝ!»

ታቢታ እጆቿን አጣጥፋ ስትለምን ላያት፣ የታሰረ ወንድም ልታስፈታ የመጣች ትመስል ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሙክታር ደግሞ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ ያለውን አውራ ጣት በሌላኛው እግራቸው ሸፍነው፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠዋል። እዚያ ክፍል በጫማ አይገባም፤ ማሽኑ አቧራ ከሸተተው ይታመማል ተብሏላ። አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ እንዳልነከሳቸው ካረጋገጡ በኋላ ሌላውን ይጫናሉ።

«እኔ በመንግሥት ንብረት ላይ የምሳሳት ሰው ነኝ፣ ልጄ?»

«እርስዎን አይደለም የምፈትነው፤ ፕሮግራሙን ነው። ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ።»

«አንቺ እሱን ስታዪ፣ እኔን ደግሞ ሌላ ያየኛል» አሉና በአገጫቸው በመስኮቱ ማዶ የሚንጎራደደውን ጓድ ወልደአማኑኤልን አሳዩዋት። የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነው።

እውነታቸውን ነው። በዚያ በደርግ ዘመን አንድ ብሎን የጠፋበት ሰው ዝርክርክ አይባልም፤ አሻጥረኛ ነው የሚባለው። አዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ይህ ድርጅት ለመንግሥት እርሻዎች የትራክተር መለዋወጫ ያከፋፍላል። ታቢታ የሠራችው ፕሮግራም የዕቃውን ስም ሲነግሩት የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለና ስንት እንደቀረ ይናገራል። ደግ ነበር፤ ግን አንድ በሽታ አለበት። አልፎ አልፎ፣ ሥራ መሃል፣ ድንገት ድርቅ ይላል። ቢነኩት፣ ቢለምኑት፣ ቢሰድቡት፣ ንቅንቅ የለም። ምን እንደሚያደርቀው ልታውቅ ሠራተኛውን ሁሉ በየተራ አስቀምጣ አስሞከረች። ሁሉም እንደ ቄስ ተማሪ አጥርቶ፣ ነጥብ ሳይስት ጻፈ። ማሽኑም እንደ ሙሽራ ታዞ ዋለ። የሙከራው ሪፖርት «ምንም ጉድለት አልተገኘም» ሲል ታቢታ ወረቀቱን ልትነክሰው ምንም አልቀራት።

ሰኞ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ማሽኑ በእነሱ ፊት ከደረቀ ተጭኖ ይወሰዳል፤ እሷም የካርቦን ወረቀት ጣቷን ወዳጠቆረበት የታይፕ ክፍል ትመለሳለች።

ከጋሽ ሙክታር ተስፋ ስትቆርጥ ወደ ጋራዡ ወረደች። መካኒኩ ጉልላት ከትራክተር ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ያጠመደው ዓሣ ከሐይቁ ሲወጣ ውኃው ክንድ ያህል እንደጎደለ ለረዳቶቹ ያወራል።

«አንተ እንኳ ዋሽተህ አትጠግብም» አለችው። «ና ለማሽኑ አንድ ውሸት ንገርልኝ።»

«ውሸት ሌላ፣ ስህተት ሌላ፣ እታለም! በውሸት እስካሁን የታሰረ አላየሁም። ስህተትን ግን መጀመሪያ ይፍቀዱልን።»

ታቢታ ደንገጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ጤነኛ አልነበረችም።

በቀጥታ ጓድ ወልደአማኑኤል ቢሮ ገባች። ሰውየው «ዘመቻ» የሚል ቃል ሲሰማ ጀርባው እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ይላል።

«ጓድ፣ ሌሎቹ ድርጅቶች ሳይቀድሙን አይቀሩም።»

«በምኑ?»

«ስህተት በመሰብሰብ። ማሽን የሚጠነክረው በስህተት ነው። በየክፍሉ ኮታ ተሰጥቷል ሲባል ሰማሁ።» የሰማችው ከራሷ አፍ ነበር፤ ያውም አሁን።

«ኮታ?»

«እኛ ግን ገና አልጀመርንም።»

ጓድ ወልደአማኑኤል ወንበሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ተነሳ። «አልጀመርንም ያለው ማነው?»

በማግስቱ ጠዋት በግቢው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቶ ታየ፦ «በስህተት ምርት ከዕቅድ በላይ!» ታቢታ ጨርቁን ስታነብ ሳቋን ለመዋጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

የአዋሳ ሰው እንደዚያን ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሰልፉ ከኮምፒዩተር ክፍሉ እስከ ዘበኛው ቤት ደረሰ። በር ላይ የተከመረውን ጫማ ያዩት ጋሽ ሙክታር «የዛሬስ የጁምዓ ሰላት ነው» አሉ። የካልሲው ሽታ ግን ሌላ ጉድ ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ የቆመች አባ ኮዳ የምትባለዋ ግዙፍ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ወደ ሐይቁ ሸሸች። ጸሐፊዋ ሽታዬ የጥንት እጮኛዋን ስም አስገብታ ስንት እንደቀረ ጠየቀች።

«የለም ይላል» አለቻት ታቢታ።

«ተመስገን!»

ዘበኛው በተራው ጉማሬ አስመዘገበ። ማሽኑ «የለም» ቢለው ተቆጣ። «ውሸታም! ታዲያ ሌሊት ሌሊት ከሐይቁ የሚያጓራብኝ ማነው?»

ጓድ ወልደአማኑኤል በር ላይ ቆሞ የየክፍሉን ስህተት ይቆጥራል። ማሽኑ ግን አልደረቀም። ሁሉንም «የለም»፣ «አይታወቅም» እያለ በትሕትና ይሸኛል። የታቢታ ሳቅ ቀስ በቀስ ከዳት። ሰኞ እየቀረበች ነው።

በመጨረሻ ጉልላት ገባ። በግሪስ የጨቀየ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠራርጎ አንድ ነገር ጻፈ፤ ተጫነ። አረንጓዴዎቹ ፊደላት ባሉበት ቀጥ አሉ።

ደረቀ።

«ምን አደረግክ?» ታቢታ ትከሻውን ጨበጠችው።

«ተሳሳትኩ! ኮታዬን ሞላሁ!»

«ምን ብለህ?»

«የናፍጣ ፓምፕ ለመጋዘን መለስኩ።»

«መመለስማ ምን ስህተት አለው?»

«ከመጋዘን ያልወጣ ፓምፕ ነዋ።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

ጉልላት ጓድ ወልደአማኑኤልን በዓይኑ ጠርዝ አየው። «መቼም ስህተት ነው የተባለው… በስህተት ከሞተው ትራክተር ላይ ነቅዬው ነው።»

ከጋራዡ ጀርባ የሞቱ ትራክተሮች ተደርድረዋል። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ዘመን ስለሚያልፍ፣ መካኒኮቹ ከሞተው ነቅለው ሕያው ላይ ይገጥማሉ፤ የተረፋቸውን ጋሽ ሙክታር ዝም ብለው ይቀበላሉ። በጥብቅ የተከለከለ ነው። የዚያ አካባቢ እርሻ ሁሉ የሚታረሰው ደግሞ በእሱ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ለማሽኑም ዕቃው ከየት እንደመጣ የነገረው አልነበረም፤ «ተመላሽ» ተብሎ ብቻ ይጻፍለታል። ከወጣው የተመለሰው ሲበልጥበት ሒሳቡ ይዞርበትና ይደርቃል፤ በቃ፣ በሽታው ይኸው ነው!

«እኔም በስህተት ራዲያተር ነበረኝ» አለ አንዱ ከሰልፉ።

«እኔም ሁለት ጎማ!»

ጋሽ ሙክታር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም… በስህተት ተቀብያለሁ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጓድ ወልደአማኑኤል ዞረ። ፊቱ ቀላ፤ ጠቆረ፤ ግራ ገባው። ሰዎቹን ቢያስር ዘመቻውን ማሰሩ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ውጭ ተሰቅሏል፤ ከዚያም በላይ ለበላይ አካል «ጀምረናል» ብሎ ስልክ መትቷል።

«የጋራዥ ክፍል… ከዕቅድ በላይ!» ብሎ አጨበጨበ። ጭብጨባው ታቦር ተራራ ድረስ ተሰማ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ታቢታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አቀርቅራ ፕሮግራሙን አከመችው። «ከግዢ» እና «ከእርዳታ» ከሚሉት የዕቃ መምጫዎች ሥር ሦስተኛ ጨመረች።

«ከሞተ ትራክተር እንዳትይ!» አለ ጓድ ወልደአማኑኤል። «የመንግሥት ትራክተር አይሞትም።»

«ምን ልበለው ታዲያ?»

«እኔ አልሰማሁም» ብሎ ወጣ። እሷም «ስህተት» ብላ ጻፈችው።

ሰኞ ገምጋሚዎቹ መጡ። ያልነካኩት ቁልፍ፣ ያልጠየቁት ጥያቄ የለም። ማሽኑ አንዴም አልደረቀም። አለቃቸው መነጽሩን አውልቆ «ይህ ማሽን እዚሁ ይቀራል። ፕሮግራሙም ለሌሎቹ እርሻዎች ይባዛል» ሲል፣ ጉልላት ከበር ውጭ አፏጨ። ጋሽ ሙክታር «አልሐምዱሊላህ» ብለው የታቢታን ግንባር ሳሙ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ አለቃው ወደ ታቢታ ዞሮ። «ይህ ሦስተኛው፣ ስህተት የሚለው፣ የሙከራ ትራፊ ይመስለኛል። ከመባዛቱ በፊት ይጥፋ።»

ፉጨቱ ተቋረጠ። ጋሽ ሙክታር ካልሲያቸውን አዩ። ጓድ ወልደአማኑኤል በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ።

ታቢታ «እሺ» ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ማሽኑም በየእርሻው እንደገና ይደርቅ ነበር።

«አይጠፋም፣ ጓድ» አለች። «ሠራተኛው በጣም ይጠቀምበታል።»

ሰውየው መልስ ከማግኘቱ በፊት ዲስኩን አስገብታ፣ ሦስቱንም የዕቃ መምጫዎች እንዳሉ ለመገልበጥ ቁልፉን ተጫነች።