ደብዳቤ ቁጥር ሠላሳ አንድ

የአጎቴን ስም እዚህ አልጠራም። ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ዓመቱ እስኪሞላ የሟች ስም አይጠራም። ስለዚህ አጎቴ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የማወራው ስለ ልጃቸው ስለ ኖሪን ነው። ኖሪን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳክራሜንቶ ከተማ በሚገኝ አንድ አጥኚ ድርጅት ትሠራለች። አንድ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጎሳ በመሬቱ ላይ ካዚኖ፣ ማለትም የቁማር ቤት፣ ልገንባ ሲል፣ እሷና ባልደረቦቿ ሄደው ቦታውን ያያሉ። ምን ይበቅልበታል፣ ምን ዓይነት ወፍ ጎጆ ይሠራበታል፣ ውሃው ወዴት ይወርዳል፣ መንገዱ ስንት መኪና ይችላል፤ ይህን ሁሉ ጽፈው ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ። ያ ጥናት ሳይቀርብ አንድ ድንጋይ አይነሳም። አስራ አራት ዓመት ሙሉ የሌሎችን መሬት ስትጽፍ ኖራ፣ ባለፈው ዓመት የእኛ ተራ ደረሰ።

እኛ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰዎች ነን። ካዚኖው የሚሠራበትን፣ ከመንደራችን ማዶ ያለውን አሮጌ የቲማቲም እርሻ ለማስመለስ አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። የጎሳው ምክር ቤት ሊቀመንበር አክስታችን ቨርና ናቸው፤ የአጎቴ ታናሽ እህት። እኔ ዌስ እባላለሁ፤ እዚያው የጎሳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ መኪኖቹንና የበሩን ቁልፎች ነው የምጠብቀው። ኖሪን የራሷን ወገን መሬት ማጥናቷን መሥሪያ ቤቱ እንዲያውቀው ተደረገ፤ እሷም ፈረመች፤ የውሃውንና የእጽዋቱን ምዕራፍ፣ ምዕራፍ አራትን፣ ያዘች።

ጥናቱን ያደረገችው በነሐሴ ነው። በእኛ አገር ነሐሴ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣበት ወር ነው። በሩን እከፍትላታለሁ፤ እባብ ፈርታ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቦቲ አጥልቃ ከጠዋት እስከ ቀትር ትዞራለች። ምሳዋን መንገዱን ተሻግራ አባቷ ቤት ትበላለች። በአራተኛው ቀን እኔም አብሬ በላሁ።

«ምን አገኘሽ?» አሏት አጎቴ።

«ምንም። ደረቅ ነው አባዬ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አጎቴ ዳቦአቸውን ቆረሱና ዝም አሉ። እንዲህ ነበሩ። ሰው በሙያው ሲናገር ጣልቃ አይገቡም፤ የገዛ ልጃቸው ብትሆንም። እሷም ሄዳ «በቦታው ላይ ምንጭም ሆነ ጅረት የለም» ብላ ጻፈች።

ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ሠላሳ ቀን ክፍት ሆነ። ያ ጊዜ ሳያልቅ፣ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት፣ አጎቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ልባቸው ቆመ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

ሐዘኑ ሦስት ቀን ቆየ። ኖሪን የባህላችንን ምግብ፣ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ሾርባ፣ ስትቀዳ፣ ወንበር ስትደረድር፣ የመጣውን ሰው መኪናውን የት እንደሚያቆም ስታሳይ ዋለች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ እርስ በርስ «ነገ ለቅሶው ይመጣባታል» ይባባሉ ነበር። ነገም አልመጣባትም። ሰኞ ሥራ ገባች።

የአስተያየት ደብዳቤዎቹ ሲሰበሰቡ ስልሳ አራት ሆኑ። በሳምንት ሁለት ቀን እኛ ጽሕፈት ቤት እየመጣች እኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትሠራቸው ጀመር። አሠራሩን ያኔ ነው ያየሁት። እያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል። ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሐሳብ ደግሞ በጠርዙ መስመር ይሰመርበትና የራሱን ቁጥር ያገኛል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መልስ ይጻፋል፤ አንድም አይዘለልም። አብዛኞቹ ካዚኖውን የማይፈልጉ የአጎራባቹ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሰካራም ይበዛል፣ መብራቱ ሰማዩን ያበላሻል። አንዱ ስለ ፈረሶቹ እንቅልፍ አምስት ገጽ ጽፏል። ለእሱም በሥርዓቱ መለሰችለት።

አንድ ጠዋት ከፖስታ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አወጣች። አየችው። ጥግ ላይ «31» ብላ ጻፈችና ወደ እኔ አሳለፈችው።

«ይህን አባዛልኝ፤ ሁለት ቅጂ።»

የአጎቴን የእጅ ጽሑፍ ለየሁት። «ኖሪን፣ ይሄ እኮ…»

«አውቃለሁ። ሁለት።»

ማባዣው ማሽን ጋ ቆሜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ካዚኖውን አልቃወምም፤ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ወረቀታችሁ ውሃ የለም ይላል። ውሃ አለ። ከአሮጌው የውሃ ሞተር ወደ ምዕራብ ነው፤ ከዝናቡ በኋላ ይወጣል፣ እስከ ፀደይ ይቆያል። በነሐሴ ማንም ቢመጣ አያገኘውም። ምዕራፉን የጻፈችው ልጄ ናት። ሥራዋን የምታውቅ ጎበዝ ልጅ ናት። እናቷ ለቅርጫት የሚሆናትን የቄጠማ ሥር የምትቆፍረው እዚያ ነበር። አመሰግናለሁ።»

ኖሪን ቅጂውን ተቀብላ አራት ቦታ ከፈለችው። ካዚኖውን አልቃወምም ያሉት 31-1 ሆነ። ውሃው 31-2። ልጄ ጎበዝ ናት ያሉት 31-3። ቄጠማው 31-4። ከዚያ መልስ መጻፍ ጀመረች። በ31-1 ትይዩ «አስተያየቱ ተመዝግቧል» አለች። 31-2ንና 31-4ን ዘለለቻቸው። በ31-3 ትይዩም «አስተያየቱ ተመዝግቧል» ብላ ጻፈች።

«ሌላ ነገር አይጻፍም?» አልኳት።

«ምን ተብሎ?»

«እንጃ። አመሰግናለሁ ምናምን።»

«እንደዛ የሚባል መልስ የለም፣ ዌስ። ጥያቄ ካልሆነ ተመዝግቧል ነው የሚባለው።»

ፊቷን አየሁት። ምንም የለበትም። ጥርስ ሊነቅሉለት ያደነዘዙት ሰው ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ካርል ደወለ። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በጣም አዝናለሁ ኖሪን» አለ። «ሠላሳ አንድን አየሁት። መልሱ ግን አያስቸግርም። ጥናቱ በደንቡ መሠረት ተካሂዷል በይና እለፊው።»

«በነሐሴ ነው የተካሄደው።»

«ደንቡ ነሐሴን አይከለክልም።»

«አይከለክልም።»

«ታዲያ? ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ መረጃ የለም።»

«ሌላ ጎሳ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ ዝግ ብላ፣ «አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለዋል ተብሎ ሄደን እናይ ነበር። አንተ ራስህ ነህ የምትልከኝ።»

ካርል የቀን መቁጠሪያ ሲገልጥ ተሰማ። «ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሦስት ሳምንት» አለ። «ከዚያ በላይ አልችልም።»

የመጀመሪያው ዝናብ በህዳር ጣለ። ቅዳሜ የአፈር መሰርሰሪያና አካፋ ይዘን ሄድን። አንዳችን የመሰርሰሪያውን እጀታ ይጠመዝዛል፣ ሌላችን የወጣውን አፈር ያያል። ላዩ ረጥቧል፤ ክንድ ያህል ሲወርዱ ደረቅ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። አስራ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ሳለን አክስት ቨርና በፒክ አፓቸው መጡ። ከመኪናው ሳይወርዱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ሆነ?»

«አስራ ሰባት» አለች ኖሪን።

«ውሃስ?»

«የለም።»

«እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት። አይቼ አላውቅም።»

«እርስዎ ልጅ ሳሉ በዝናቡ ወራት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበሩ። አባዬ ነው የነገረኝ።»

አክስት ቨርና መሪውን ለቀቁ። ከዚያ ወረዱ።

«ወንድሜ» አሉ፣ «ስብሰባ ላይ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ አንድ ቀን አፉን አልከፈተም። ጠብቆ ጠብቆ አሁን፣ ያውም በጽሑፍ።»

«አልቃወምም ብሎ ነው የጀመረው።»

«አንቺስ?»

«እኔን የጠየቀኝ የለም።»

«እየጠየቅኩሽ ነው። ለእኛ ነው የምትሠሪው ወይስ ለወረቀቱ?»

«ለወረቀቱ፣ አክስቴ። ወረቀቱ ስህተት ካለው የከተማው ሰዎች ፍርድ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ያኔ ሌላ አስራ አንድ ዓመት ነው።»

ይህን ያለችው የሆነ ነገር እንደሚያነብ ሰው ነው፤ ቁጣም ልመናም የለበትም። አክስት ቨርና ቆመው አዩዋት። ጓንታቸውን አወለቁና ሰጧት።

«እጅሽ ቀልቷል» አሉ። ሞተር አስነስተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ከሞተሩ ቤት ወደ ምዕራብ ስልሳ እርምጃ ላይ መሰርሰሪያውን ስናወጣ ድምፁ ተለየ፤ ጭቃው መጥጦ ያዘው። ጉድጓዱን ቆመን አየነው። ውሃው ቀስ እያለ ወጣ፣ ከአፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆመ። ትንሽ ወደ ታች ወረድ ስንል ደግሞ ውሃው ላዩ ላይ ነበር፤ የአንድ መኪና ርዝመት የሚሆን ቀጭን መስመር ሣሩ ውስጥ ያበራል። በዳርና ዳሩ ትራክተር ሠላሳ ዓመት ሲያርሰው የኖረ ቄጠማ ጣት ጣት የሚያህል ቡቃያ አውጥቷል።

እኔ አለቀስኩ። ኖሪን ካሜራዋን አወጣች።

«ዌስ» አለችኝ፣ «አካፋውን ከፎቶው አውጣው።»

አካፋውን አነሳሁ። የውሃውን ዳር ለማመልከት ሮዝ ባንዲራዎች ተከልን፤ አስራ ዘጠኝ ፈጁ። እሷ ልኬቱን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ጨርሰን መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሳንድዊች በላን። አሁን ይመጣባታል ብዬ ጠበቅኩ። ሬዲዮውን ከፈተችና የአየር ሁኔታውን አዳመጠች።

ማክሰኞ ለ31-2ና ለ31-4 መልስ ጻፈች። «አስተያየት ሰጪው ትክክል ናቸው። ምዕራፍ አራት ተስተካክሏል።» ካርል ደውሎ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሲቆይ «ትክክል ናቸው» የሚል መልስ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። ብዙውን ጊዜ «አስተያየቱን ተከትሎ ማብራሪያ ታክሏል» ነው የሚባለው።

«ይቀየር?» አለችው።

«አይ» አለ። «ተዪው።»

የቀረው የስም ዝርዝሩ ነበር። በመጨረሻው ጥናት ላይ ደብዳቤ የላከ ሁሉ ስሙ ተዘርዝሮ ይታተማል። ስም የሚቀረው ባለቤቱ ራሱ ይቅርልኝ ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው። አክስት ቨርና ረቂቁን አስመጥተው ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አነሱ።

«ይህ ይወጣል?»

«ይታተማል» አለች ኖሪን። «አንድ ሺህ ገጽ ውስጥ ነው፣ አክስቴ። ማንም አያነበውም።»

«እኔ አሁን አነበብኩት።»

አክስት ቨርና ወረቀት ስበው፣ በጎሳው ማኅተም፣ ስሙን ሳይጽፉ የደብዳቤውን ቁጥር ብቻ ጠቅሰው፣ ባህላችንን የሚያስረዳ አራት መስመር ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱ መጣ፤ በስሙ ቦታ «የአካባቢው ነዋሪ» ተባለ፤ ከሚታተመው ደብዳቤም ግርጌ ላይ ያለው ፊርማ ተሸፈነ። ኖሪን «እሺ» ብላ አስተካከለችው። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግን ቆም አለች።

«እኔ ልጠይቅ አልችልም ነበር» አለችኝ። «እንደ ልጁ ለመጠየቅ ስሙን መጻፍ አለብኝ።»

የመኪና ማቆሚያው ሕንፃ ፕላኑ ላይ ስልሳ ሜትር ወደ ምሥራቅ ተገፋ። ምንጩና ቄጠማው ካርታው ላይ አጥር ተሠራላቸው። ፈቃዱ በግንቦት ተፈረመ። የዚያን ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ሳልመን ዓሣ ጠበስን፤ አክስት ቨርና ንግግር ጀምረው አልቻሉም፣ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ኖሪንን አቀፋት። እሷም አቀፈች። ሰሃኗን ይዛ ቆማ በላች፤ ማን ምን እንደሠራ ለጠየቃት ሁሉ በዝርዝር አስረዳች።

በሐምሌ የአጎቴን ቤት ባዶ አደረግነው። ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ልትገባበት ነው። መጋረጃ አወረድን፣ ጣሳዎቹን ጣልን፣ ልብሱን በየካርቶኑ አደረግን። የቀረው ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ ሆነን ስንገፋው በሩ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለ። እሷ በረንዳው በኩል፣ እኔ ወጥ ቤቱ በኩል፣ ማቀዝቀዣው በመካከላችን።

«ዌስ።»

«አቤት።»

«ምንም አይሰማኝም። እስካሁን። ዘጠኝ ወር ሆነው።» ድምፅዋ ብቻ ነበር የሚመጣው። «እንዲህ ይሆናል እንዴ ሰው?»

ሐኪም አይደለሁም፣ ቄስ አይደለሁም።

«እንጃ» አልኳት። «አንቺ ሆነሻል።»

«ሆኛለሁ» አለች።

ከዚያ ምን መፍቻ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ የማቀዝቀዣውን በር ብንነቅለው እንደሚያልፍ በዓይኗ ለክታለች። መፍቻውን ከላይ አሳለፍኩላት። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ በሩን ለብቻው አወጣን፤ የቀረውን እያጋደልን ፒክ አፑ ላይ ጫንነው። ሰኞ በሰሜን በኩል ያለ ሌላ ጎሳ መሬት ላይ ሥራ ትጀምራለች።