እስኪደርቅ

"እጅጌሽን ሰብስቢው አልኩሽ እኮ!" አለች ሮማነወርቅ።

አበዛሽ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ገፍታ ክንዷን ዘረጋች። ባለፈው ገበያ ሮማነወርቅ ለፈንጣጣ የከተበችው ቦታ ልሙጥ ነው። ክትባቱ ቢይዝ ኖሮ የሚወጣው ቁስል የለ፣ እብጠት የለ።

አቶ ንዋይ ጎንበስ ብሎ አየና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ጠዋት ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የከታቢዎችን ሥራ አይቶ ፈቃዳቸውን ሊያድስ ወይም ሊነጥቅ ነው። ሮማነወርቅ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚህች መርፌ ነው።

የሚቀጥለውም ክንድ ልሙጥ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ሮማነወርቅ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። መርፌዎቹን ከሣጥን አውጥታ መልሳ ከተተች። ንጹሑን ጨርቅ አራገፈች። እስከ ሐዲዱ ሄዳ ተመለሰች።

"ምነው እቴ፣ በባቡር ልትጠፊ ነው?" አለች አበዛሽ። የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

"ክንድሽ የምላስሽን ያህል ቢሠራ ይሄኔ አብጦ ነበር!"

"ቢያብጥም ባያብጥም እኔ ተከትቤያለሁ። ነገ ደራ ወርጄ እህቴን አስታምማለሁ። ፈንጣጣው እሷ ቤት ገብቷል።"

ሮማነወርቅ የአበዛሽን ልሙጥ ክንድ ደግማ አየች።

ቀጥላ ጨርቅ ነጋዴዋ ሳፊያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ጉብ ብሏል።

"ሲያሳክከኝ ነው የከረመው" አለች።

"እሰይ! ይሄ ይዟል" አለ ንዋይ። የወንድሟ የአብዱልመናን ክንድም እንደዚያው ነው። ንዋይ ወደ ሮማነወርቅ ዞረ። "ለእነዚህ ምን የተለየ ነገር አደረጉላቸው?"

"ምንም! ያው መርፌ፣ ያው መድኃኒት። እንዲያውም እነሱ ናቸው ያስቸገሩኝ።"

"አረቄ ሐራም ነው፣ በሳሙና እጠቢኝ ስላልኳት ነው" አለች ሳፊያ። "ስትቆጣኝ፣ ስትቆጣኝ!"

"ሌሎቹን በአረቄ ነው ያጠቧቸው?"

"ታዲያስ! እስኪንጠባጠብ ነው የማሸው። እኔ ንጹሕ ሥራ ነው የምሠራ።"

"ሳይደርቅ ነው የከተቡት?"

"ሰልፉን አታየውም? ማን ቆሞ ያደርቃል?"

"ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ እርጥብ አረቄ መድኃኒቱን ይገድለዋል" አለ ንዋይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንደገና ሲከትቡ ሳላይ ፈቃዱን አላድስም።"

"እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ ገና ዳዴ ትል ነበር!"

ንዋይ የሳፊያን ክንድ ብቻ አሳያት። ሮማነወርቅ ከሰው ጋር ስትከራከር አትደክምም፤ ከክንድ ጋር ግን ምን ብላ ትከራከር? ጨርቁን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግማ አጠፈች።

"መድኃኒቱ በመንገድ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?" አለ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ።

አዎ ብትል ሰው ያምናታል። ስሟም አይነካም። አበዛሽ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ልትሄድ ነው።

"አበዛሽ! ነገ ደራ የምትሄጂበት እግር የለሽም።"

"ተከትቤ የለ?"

"አልተከተብሽም። መድኃኒቱም አልተበላሸም። በአረቄ የገደልኩት እኔ ነኝ። ክንዳችሁ ልሙጥ የሆነ ሁላችሁም ተመለሱ!"

ሰልፉ ተንጫጫ። "ስትጫወትብን ነው የከረመችው!" አለ አንዱ። ሌላው ትቶ ሄደ። አበዛሽ "እህቴስ?" አለች።

"አሁን የምከትብሽ ሳይዝ ደጃፏን አትረግጪም። ክትባቱ የያዘለት ዘመድ ካላችሁ እሱን ላኪ።"

አበዛሽ እያጉረመረመች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሮማነወርቅ የአረቄውን ጠርሙስ በእግሯ ወዲያ ገፍታ የአበዛሽን ክንድ በሳሙና አጠበች፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀች። መርፌውን አነሣች። ከኋላ ሰዉ ይገፋፋል፣ "ቶሎ በይ እንጂ!" ይላል።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች አበዛሽ።

"እስኪደርቅ" አለች ሮማነወርቅ፣ መርፌውን እንደያዘች ከቆመችበት ሳትነቃነቅ።